የዛገ የብስክሌት ዕቃ በአሲድ ሲታጠብ፦ ምን ይነከር? ምን አይነከር?

በዚህ ቡለቲን ላይ ስለ ዜና አጻጻፍ፣ ስለ ፕሬስ ሕግና ስለ ቃለ መጠይቅ ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ስለ ዝገት ነው። በተለይም የዛገ የብስክሌት ዕቃን አሲድ ውስጥ ነክሮ ዝገቱን ስለ ማስለቀቅ። "ይኼ ደግሞ ከጋዜጠኝነት ጋር ምን አገናኘው?" የሚል አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። "እንዴት ይሠራል" የሚል ጽሑፍ ከዜና ያነሰ ጥንቃቄ የሚበቃው ይመስለናል። ዜና ላይ ቁጥር ከተሳሳተ ግን በማግስቱ እርምት ይወጣል፤ ስለ አሲድ የተሳሳተ ምክር ከተጻፈ የሰው ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚለውን ከመድገሜ በፊት አንድ በአንድ ላጣራው ብዬ ተነሣሁ።

ያነሣሣኝ ነገር ያለው ቤታችን ውስጥ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ይነዳው የነበረ ጥቁር ፎኒክስ ብስክሌት ጎባ ግቢያችን ውስጥ፣ ጣሪያው በሚያፈስ ማድ ቤት ጥግ፣ ለዓመታት ቆሞ ኖሯል። ታናሽ ወንድሜ ሮቤ ትምህርት ሲጀምር የመመላለሻው ሒሳብ ከበደንና "ለምን ብስክሌቱን አናነሣውም?" ተባለ። ከጎባ ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎባ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ፣ ሮቤ ደግሞ 2,490 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆኑ ጠዋት ሲሄድ መንገዱ በጥቅሉ ቁልቁለት ነው። ቁልቁለት ማለት ደግሞ ፍሬን ማለት ነው። የድሮ ፎኒክስ ፍሬን እንደ ዘመኑ ብስክሌት በቀጭን ገመድ ሽቦ የሚሳብ አይደለም፤ ከመሪው እስከ ጎማው ድረስ በብረት ዘንጎች ነው የሚሳበው። የዛጉት እነዚያ ዘንጎች ናቸው። እንግዲህ ጉዳዩ ብስክሌት የማሳመር ጉዳይ አይደለም። ልጁ ሲጨብጠው ይቆማል ወይስ አይቆምም ነው።

ዝገት ምንድን ነው?

ብረት ውሃና አየር አንድ ላይ ሲያገኙት ከኦክስጅን ጋር ይዋሐድና ቡናማ ነገር ይሆናል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ውሃ ያለ አየር፣ አየርም ያለ እርጥበት ብረትን እምብዛም አይጎዱትም። ጨው ካለበት ደግሞ ይፈጥናል። አሉሚኒየምም እንደ ብረት ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፤ ግን በላዩ የሚሠራው ስስ ሽፋን ጥብቅ ስለሆነ የታችኛውን ይጠብቅለታል። የብረት ዝገት እንዲህ አይደለም። ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፣ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ውሃ ያስገባል። ለዚህ ነው የዛገ ዳዶ ከብሎኑ ጋር ተጣብቆ አልፈታም የሚለው፤ በመሐላቸው ያበጠው ዝገት ነው የሚይዘው።

የባሌ ደጋ ደግሞ ለብረት አይመችም። ዝናቡ ሁለት ወቅት አለው። በሲናናና በአካባቢው ያለው ገበሬ ጋና እና ቦና እያለ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚዘራው በዚህ ምክንያት ነው። ለስንዴና ለገብስ በረከት የሆነው እርጥበት ለማድ ቤት ብስክሌት መርገም ነው። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ጠዋት ላይ ብረት ላይ ጤዛ ያድራል፤ በበጋም ቢሆን ማለት ነው።

ስንዴ ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ፈረንጆች የብረቱን ዝገትና በስንዴ ቅጠልና አገዳ ላይ የሚወጣውን በሽታ በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት። አማርኛ ግን ለይቶ የስንዴውን ዋግ ይለዋል። በ2006 ዓ.ም. ባሌና አርሲ ውስጥ ዲገሉ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ የመታው የግንድ ዋግ ነበር። ከእንግሊዝኛ የምንተረጉም ተማሪዎች "ዝገት የስንዴ ማሳ አወደመ" ብለን እንዳንጽፍ። ወደ ብረታችን እንመለስ።

ሰው ሁሉ የሚለው

ሮቤ ውስጥ ብስክሌት እንደ ባሕር ዳርና እንደ ሐዋሳ አይበዛም፤ መንገዱን ባጃጅ ይዞታል። ቢሆንም የሚጠግን አይጠፋም። ስማቸው እንዳይጻፍ የጠየቁኝ አንድ አዛውንት ከጎሚስታ ጎን ትንሽ ቦታ ይዘው ይሠራሉ። "ጋሼ፣ ዝገት በምን ይለቃል?" ስላቸው ሳቁና "በጉልበት ነዋ!" አሉኝ። ቀጥለው ግን ሰው የሚያደርገውን ሁሉ ዘረዘሩልኝ። አንዱ ኮካ ይላል፣ አንዱ ሎሚ ይላል፣ አንዱ አቼቶ ይላል፣ ወጣቶቹ ደግሞ "የባትሪ አሲድ ካለ ሌላው ምን ያደርጋል" ይላሉ። እሳቸው ራሳቸው አቼቶ ነው የሚጠቀሙት። ለምን ሲባሉ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ቆዳው የተኮማተረ ነው። "ይኼ የባትሪው ነው ልጄ። በጉብዝናዬ ጊዜ።"

እዚህ ላይ አንድ ያስገረመኝን ልጨምር። እሳቸው ጋ ቁጭ ብለን የምንሰማቸው ቃላት፣ ቸርኬ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ጎሚስታ የሚለው ራሱ፣ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው። አቼቶም እንዲሁ። የአቼቶ ሥሩ ላቲን ነው፤ በኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ አሴቲክ አሲድ ተብሎ የተጻፈውም ስሙን ያገኘው ከዚያው ሥር ነው። ማለትም እናቶቻችን ሰላጣ ላይ የሚያደርጉትና የላቦራቶሪው አሲድ አንድ ነገር ነው። ልዩነቱ ጥንካሬው ላይ ነው፤ የሱቁ አቼቶ በአብዛኛው ከ4 እስከ 5 በመቶ አሲድ ብቻ ያለው ነው፣ የቀረው ውሃ ነው።

አሲድ ዝገት ላይ ምን ያደርጋል? ዝገቱን ወደሚሟሟ የብረት ጨው ይለውጠዋል። ቡናማው ነገር ከብረቱ ለቆ ውሃው ውስጥ ይገባል። ይኼ አዲስ ብልሃት አይደለም። የጣሪያችን ቆርቆሮ በዚንክ ከመለበጡ በፊት ፋብሪካው ውስጥ አሲድ ውስጥ ገብቶ ነው የሚጸዳው፤ ባይጸዳ ዚንኩ አይዝለትም። ችግሩ አሲድ ዝገቱን ጨርሶ ብረቱ ጋ ሲደርስ "በቃ" የማይል መሆኑ ነው። ብረቱንም መብላት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ሃይድሮጅን የሚባለው ጋዝ በትናንሽ አረፋ እየሆነ ይወጣል። ባዶ ብረት ላይ አረፋ ሲበዛ ካያችሁ አሲዱ ሥራውን ጨርሶ ወደማይመለከተው ገብቷል ማለት ነው።

ወሬውን ለማጣራት ከዚያው ብስክሌት ላይ የፈታኋቸውን ተመሳሳይ የዛጉ ብሎኖች በተጣሉ የማርማላት ጠርሙሶች ውስጥ ለያይቼ ነከርኩ። አንዱን በአቼቶ፣ አንዱን በሎሚ ጭማቂ፣ አንዱን በኮካ፣ አንዱን ደግሞ (ይኼኛው የእናቴ ሐሳብ ነው) በአጓት። የባትሪ አሲድ አልሞከርኩም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። በማግስቱ ጠዋት የአቼቶውና የሎሚው ብሎን በጥርስ ብሩሽ ሲፈተግ ዝገቱ እንደ ጭቃ ለቀቀ። ኮካው ላይ ላዩን ብቻ ነው የነካው፤ ብሎኑም በስኳሩ ምክንያት የሚያጣብቅ ሆነ። አጓቱ ከሁሉ ዘገየ፤ በሦስተኛው ቀን ግን እሱም ለቀቀ፤ ሽታውን ግን አልነግራችሁም።

ነገሩ ሲታይ ግልጽ ነው። ኮካ ውስጥ ያለው ፎስፎሪክ አሲድ ለዝገት ጥሩ አሲድ ነው፤ ግን መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው። ፎስፎሪክ አሲድ በጠንካራ መልኩ ከተገኘ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ብረቱ ላይ የብረት ፎስፌት የሚባል ስስ ሽፋን ትቶ ይሄዳል፣ ያም ዝገትን ያዘገያል። ቶማስ ዋትስ ኮስሌት የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1906 የፈጠራ መብት ያወጣው በዚህ ላይ ነው። ከኮካ ጠርሙስ ግን ያንን መጠበቅ ገንዘብ ማባከን ነው። ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ ደግሞ ብረቱን አቅፎ ውሃው ውስጥ የመያዝ ጠባይ ስላለው ከአቼቶ ይልቅ ንጹሕ አድርጎ ያወጣል። የሎሚ ጭማቂ 6 በመቶ ገደማ ሲትሪክ አሲድ አለው። ዱቄቱን ከኬሚካል መሸጫ ያገኘ ሰው ለአንድ ሊትር ውሃ ከ50 እስከ 100 ግራም ቢበጠብጥ ይበቃዋል። ሎሚ በረከሰበት ሰሞን ሎሚ፣ በሌላው ጊዜ አቼቶ ብዬ እኔ ወስኛለሁ።

አንዳንዱ አቼቶው ላይ ጨው ጨምሩበት ይላል። እውነት ነው፣ ይፈጥናል። ግን ጨው በብረቱ ጉድጓዶች ውስጥ ተደብቆ ይቀርና ወር ሳይሞላ ዝገቱን ይጠራዋል። በበኩሌ አንድ ሌሊት መታገሥ ይሻላል እላለሁ።

የባትሪው ጉዳይ

አሁን ወደ ዋናው። የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ባትሪው ሙሉ ሲሆን ከክብደቱ ከመቶ 35 ያህሉ አሲድ ነው። ከሱቁ አቼቶ ጋር በምንም አይወዳደርም። አሲዱ ራሱም ከአቼቶ የበረታ ዓይነት ነው። ዝገትን በፍጥነት ይበላል፣ ልክ ነው። ቆዳንም፣ ሱሪንም፣ ዓይንንም እንዲሁ። ከዚህ በላይ ደግሞ ከአሮጌ ባትሪ የተቀዳ አሲድ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሟሙቶ ይገኛል። እርሳስ ሰውነት ውስጥ ከገባ ቶሎ አይወጣም፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ጋራዥ ውስጥ እነዚያን ዕቃዎች በባዶ እጅ ከሳፋ የሚያወጡት ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው፤ ያንኑ እጅ ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ዳቦ ይይዙበታል። ይኼን ሳይ ነው ጽሑፉን ለመጻፍ የቆረጥኩት።

ሌላም አለ። ጠንካራ አሲድ ብረትን ሲበላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሁሉ አረፋ ሆኖ አይሄድም። ከፊሉ ወደ ብረቱ ውስጥ ይገባል። ሃይድሮጅን ከሁሉም ንጥረ ነገር ትንሹ ስለሆነ የሚያግደው የለም። በተራ ለስላሳ ብረት ላይ ይኼ ብዙ ጉዳት የለውም። በእሳት በጠነከረ ብረት ላይ ግን፣ እንደ ስፕሪንግ፣ እንደ ኩሽኔታ ኳስ፣ እንደ ሰንሰለት ዓይነቱ ላይ፣ ብረቱን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ያደርገዋል። ክፋቱ ደግሞ ሲያዩት አያስታውቅም። ጸድቶ፣ አብረቅርቆ፣ ተገጥሞ፣ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ጭነት ሲበዛበት ድንገት ቀጭ ይላል። ከጎባ ቁልቁል ስትወርድ ማለት ነው። በአቼቶና በሎሚ ይኼ አደጋ በጣም ያነሰ ነው፤ የለም ግን አይባልም።

አንድ ነገር ደግሞ በጥቁር ቀለም አስምሩበት፦ በረኪናን ከየትኛውም አሲድ ጋር እንዳትቀላቅሉ። አቼቶም ቢሆን፣ ሎሚም ቢሆን። "ሁለቱም ያጸዳሉ፣ አንድ ላይ ደግሞ የበለጠ ያጸዳሉ" ብሎ የሚያስብ ሰው አለ። ሲቀላቀሉ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የተገደለበት ጋዝ። በር ዘግቶ ማድ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ሳንባው ይቃጠላል። አቼቶ ከበረኪና ይልቅ ለዚህ ሥራ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት በረኪና ዝገትን ጭራሽ የሚያብስ እንጂ የሚያስለቅቅ አለመሆኑ ጭምር ነው።

ምን ይነከር?

መሪው፣ የፍሬን ዘንጎቹ፣ ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርሳም ክብ፣ የፓራፋንጎው ማሰሪያዎች፣ ብሎንና ዳዶው ሁሉ። እነዚህ ወፍራም፣ ለስላሳ ብረት ናቸው፤ ይነከራሉ።

ዋናው የብስክሌቱ አካል አይነከርም። ቀለሙን ያስለቅቀዋል፣ ከዚያም የከፋው ቱቦው ውስጥ የገባውን አሲድ አጥቦ ማውጣት አይቻልም፤ ከውስጥ ቀስ እያለ ይበላዋል። ሰንሰለቱም አይነከርም። ጋራዡ ካቴና የሚለው ይህ ሰንሰለት በሚስማሮቹና በጥቅልሎቹ መካከል አሲድ ይይዛል፤ በላምባ ታጥቦ በዘይት ካልተፈታ መቀየር ብቻ ነው መድኃኒቱ። የኩሽኔታ ኳሶች ርካሽ ናቸው፤ የዛጉትን ጥሎ አዲስ መግዛት ነው። ቸርኬውን ከመሐሉ ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች ብዙ ጊዜ በዚንክ የተለበጡ ናቸው፤ አሲድ መጀመሪያ የሚበላው ያንን ዚንክ ነው። ነክራችሁ ብታወጧቸው ልብሱን የተገፈፈ ሽቦ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። የኮርቻ ስፕሪንግም ከላይ ባልኩት ምክንያት ይቅር። አሉሚኒየም ያለበት ነገር ካለ ይፈታና ለብቻው ይቀመጥ።

ኒኬል የተቀባው፣ የሚያብረቀርቀው ቸርኬና መሪስ? ሽፋኑ ደህና ከሆነ ለጥቂት ሰዓት በሎሚ ይቻላል። ሽፋኑ የተላጠ ከሆነ ግን አሲዱ በሥሩ እየገባ ቅርፊቱን ያነሣዋል። ለዚህ የተሻለው ዘዴ እጅግ ተራ ነው። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ወይም የማድ ቤት ፎይል ጨብጦ፣ በውሃ አርሶ መፈተግ። ፎይሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ከሽፋኑ ይለሰልሳል፣ አይጭረውም፤ ዝገቱን ግን ያነሣል። አባቴ ይኼን ሲያይ "በእኛ ጊዜ የሲጋራ ወረቀት የሚሰበሰበው ለምን ነበር መሰለሽ?" አለኝ። እኔ እንኳ ለአበባ መሥሪያ ይመስለኝ ነበር።

መንከሩ

መጀመሪያ ቅባቱ ይውጣ። ግራሶ ያለበት ብረት አሲድ አይነካውም። በላምባ ማጠብ፣ ከዚያ በኦሞና በሙቅ ውሃ ደግሞ ማጠብ። የተነሣውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ማራገፍ፤ አሲዱን በሚረግፍ ዝገት ላይ ማባከን አያስፈልግም።

ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን። ከተቆረጠ ጀሪካን የተሻለ የለም፤ ረጅሙ ዘንግ ደግሞ አንድ ጫፉ በተደፈነ የውሃ መስመር የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ቆሞ ሊነከር ይችላል። የአሉሚኒየም ድስት እንዳትጠቀሙ፤ አሲዱ ድስቱንም ይበላዋል። ዕቃው ሙሉ በሙሉ መስጠም አለበት። ግማሹ ውጭ ከቀረ ውሃውና አየሩ በሚገናኙበት መስመር ላይ አሲዱ ብረቱን እንደ ቀለበት ይቦረቡረዋል። ለፍሬን ዘንግ ይኼ ማለት መሐሉን በመጋዝ እንደ መከርከም ነው።

ክፍት ቦታ፣ ከከሰል ምድጃ ራቅ ብሎ ይሁን፤ የሚወጣው ሃይድሮጅን እሳት ይወዳል። ጓንትና መነጽር ይደረግ። መነጽር የለኝም የሚል የፀሐይ መነጽሩን ያድርግ፤ ከምንም ይሻላል። ጠንካራ አሲድ ማቅጠን ግድ የሆነበት ሰው አሲዱን ወደ ውሃው ቀስ እያለ ይጨምር፤ ውሃውን ወደ አሲዱ ከጨመረ ፈልቶ ፊቱ ላይ ይፈናጠርበታል።

ስንት ሰዓት? ለአቼቶ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይባላል። ይኼ ግን ለሞቃት አገር ነው። ብርድ ኬሚካላዊ ሥራን ያዘገያል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ተብሎ በግርድፉ ይሰላል። በሮቤና በጎባ ሌሊት ደጅ ያደረ አቼቶ እንደ ድሬዳዋው አይሠራም። ቀን ፀሐይ ላይ ማውጣት ወይም ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ዕቃውን ማስቀመጥ ይረዳል። ማፍላት አያስፈልግም፤ የአቼቶ እንፋሎት ዓይን ያቃጥላል። ሰዓቱን ከማመን ይልቅ በየሦስትና አራት ሰዓቱ አውጥቶ፣ ፈትጎ፣ አይቶ መመለስ ነው የሚሻለው። ጥቁር ነገር ላዩ ላይ ቢቀር አትደንግጡ፤ በብሩሽ ይሄዳል። ግራጫ ብረት ከታየ ይውጣ። "ትንሽ ይጨምር" የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

ከወጣ በኋላ ያሉት 10 ደቂቃዎች

ጋሼ ሥራውን የሚመዝኑት እዚህ ላይ ነው። ከአሲድ የወጣ ብረት እርቃኑን ነው፤ በአየር ላይ ብትተዉት እያያችሁት ብርቱካንማ ይሆናል። የቡና ወሬ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ስለዚህ አሲዱን መግደያው፣ ማጠቢያው፣ ጨርቁና ዘይቱ ዕቃው ከመውጣቱ በፊት ተደርድረው መጠበቅ አለባቸው።

መግደያው ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነው። ከሌለ ደግሞ የእንጨት አመድ። አመድ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠል የሚቀረው ውሃ የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ አያቶቻችን ልብስ ያጠቡበት የነበረው ለዚሁ ጠባዩ ነው። ከዚህ በኋላ በንጹሕ ሙቅ ውሃ ማለቅለቅ። ሙቅ የሚሆነው ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ የሞቀ ብረት ራሱን ያደርቃል። በጨርቅ አብሶ፣ ምድጃ ዳር አሙቆ፣ ገና ትኩስ እንዳለ ዘይት መቀባት። ንጹሕ የሞተር ዘይት ወይም ግራሶ። ጋራዦች የሚሰጡት የተቃጠለ ዘይት ይሠራል፤ ግን ቆሻሻና አሲድነት ስላለው፣ ለቆዳም ስለማይስማማ አልመክርም። ቅቤስ ያሉኝ ነበሩ። ቅቤ ሲሸት ራሱ አሲድ ይሆናል፤ ለጠጉር ይቅር።

የአባቴን ብስክሌት የፍሬን ዘንጎች ስናወጣ የፊተኛው ደህና ነበር። ላዩ ብጉር ብጉር ቢልም ውፍረቱ አልጎደለም። የኋለኛው ግን ዝገቱ ሲለቅ፣ ከመታጠፊያው አጠገብ ብረቱ ግማሽ ያህል ተበልቶ እንደነበር ታየ። ዝገቱ እያለ አያስታውቅም ነበር፤ እንዲያውም አብጦ ከሌላው የወፈረ ይመስል ነበር። ጋሼ በጣታቸው አጥፈው ሰበሩትና "ይኼ ነው አንድ ቀን ወንድምሽን የሚጥለው" አሉ። ብዙ ሰው አሲድ ብረት ያድሳል ብሎ ያምናል። አያድስም። የተበላው ብረት አይመለስም። አሲዱ የሚሠራው ምን ያህል እንደቀረ ማሳየት ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን ከማሳመሩ ይልቅ የጠቀመኝ ይኼ ነው። አዲሱን ዘንግ ብረት ሠሪ ቤት በቶንዲኖ አሠራነው። ለድሮ ፎኒክስ የሚሆን ዘንግ ፈልጎ ከማግኘት ይልቅ ይኼ ቀለለ።

የተረፈውስ?

አንድ ጀሪካን ቡናማ አቼቶ ይተርፋል። ቦይ ውስጥ ደፍቶ መሄድ ልማድ ነው። የሮቤና የጎባ ውሃ ግን የትም አይጠፋም። ሻያና ጦጎና ወደ ዌይብ ይገባሉ፣ ዌይብ ደግሞ የሶፍ ዑመርን ዋሻ አቋርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ በየመንገዱ ከብት ይጠጣዋል፣ ሰውም ይቀዳዋል። ያገለገለ አቼቶ ብዙ ጉዳት ያለው ነገር አይደለም፤ ያለው ብረትና ደካማ አሲድ ነው። አመድ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ፣ አረፋው እስኪቆም ማማሰል፤ ብረቱ እንደ ቡናማ ጭቃ ይዘቅጣል። ከጉድጓድ ውሃና ከጓሮ አትክልት ራቅ አድርጎ አፈር ላይ ማፍሰስ ይቻላል። ኒኬል ወይም ዚንክ የነካው ከሆነ ግን ሁለቱም ሟሙተው ስለሚገቡበት ጭቃው ደርቆ ለብቻው ይቀበር እንጂ ማሳ ላይ አይደፋ።

የባትሪ አሲድ ላይ ይኼ አይሠራም። አመድ አሲዱን ይገድለው ይሆናል፤ እርሳሱን ግን የትም አይወስደውም። ጋሼ ጋ በጥግ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ባትሪ አለ፤ ክዳኑ ተጠርቅሞ፣ በላዩ ድንጋይ ተጭኖበታል። የባትሪ ገዢዎች ከነውሃው እስኪወስዱላቸው ይጠብቃሉ። ልጅ ሲጠጋው ይቆጣሉ።